ታሜስ የተባለው ወንዝ

እርጥብ ካኪ ላይ የጋለ ካውያ ሲያርፍ የሚወጣውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናብ፣ ከሰልና አዲስ ጨርቅ ተደባልቀው አፍንጫ ውስጥ ዘው ይላሉ። ባለፈው ሰሞን ከመሃል ከተማ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና አንድ ልብስ ሰፊ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለልኩ፤ መብራት ጠፍቶ ኖሮ ወጣቱ ሰፊ የድሮ የከሰል ካውያ ከየት እንዳገኘ እንጃ አግሎ፣ በአፉ ውሃ እየረጨ የዘበኛ ልብስ ይተኩስ ነበር። ያ ሽታ ሲመታኝ ዕድሜዬ ከላዬ ላይ ወልቆ የወደቀ መሰለኝ። ዝናቡ ካባራ በኋላም እንደ ሞኝ እዚያው ቆሜ ሳለሁ ምላሴ ላይ አንድ የቆየ ቃል መጣ፣ ድምፄን አውጥቼም አልኩት፦ «ታሜስ።» ወጣቱ ቀና ብሎ «እናቴ፣ ምን ፈለጉ?» አለኝ። «ምንም፤ ወንዝ ነው» ብዬው ሄድኩ። እብድ ሳይለኝ አይቀርም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ያኔ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት፤ ትንሽ ነበረች፣ ጋሽ ወልዴ ሲባልም ከገበያው እስከ ሐይቁ ድረስ የማያውቀው ሰው አልነበረም። ሱቃችን ቤታችንም ነበር፤ ከፊት የአባቴ የእግር ስፌት መኪና፣ የመቁረጫው ጠረጴዛና የደንበኞች ልብስ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ እኛ። እናቴ ከከተማው አጠገብ ያለችው የቡሹሎ መንደር ልጅ ናት፤ በማለዳ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዳ ዓሣ እየገዛች ገበያ ትቸረችር ነበር። ስትናደድ በሲዳምኛ፣ ስታሾፍ በአማርኛ ነበር የምትናገረው፤ አባቴም በየትኛው እንደጀመረች ከሰማ በኋላ ነበር መጋረጃውን ገልጦ መግባት አለመግባቱን የሚወስነው።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። አራተኛ ክፍልን ጨርሼ አምስተኛን የምጠብቅበት ጊዜ ነበር፤ አባቴ ከፖስታ ቤት ዝናብ እየዘነበበት መጥቶ፣ ራሱ በስብሶ፣ ከኮቱ ሥር ግን አንድ ደረቅ ጥቅል አወጣ። ቡናማውን ወረቀት ቀስ ብሎ ሲፈታው የቀለም ሽታ ያልለቀቃቸው ሞጁሎች ተደራርበው ብቅ አሉ፤ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ፣ ሌላም ሌላም።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናቴ።

«የተልእኮ ትምህርት ነው። በፖስታ እየላኩልኝ እዚሁ ሆኜ እማራለሁ።»

«ተልእኮ? ደግሞ አንተን ማን ወዴት ላከህ?»

በአማርኛ ስለነበር አባቴ ሳቀ። እኔ ግን ቃሉን የማውቀው ከሬዲዮ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር አብዮታዊ ተልእኮ የማይባልበት ቀን አልነበረም። ስለዚህ ወጥቼ ለሰፈር ልጆች «አባቴ ከአዲስ አበባ ተልእኮ መጣለት፣ በጥቅል ነው፣ ለማንም አይነገርም» ብዬ ነገርኳቸው። ለማንም አይነገርም የተባለ ነገር ደግሞ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከተማውን ያዳርሳል። ሳምንት ሙሉ ጎረቤት ሁሉ ሱቃችን ደጃፍ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ጀመር፤ የቀበሌው ዘበኛ እንኳን ቆቡን አንስቶ አባቴን እጅ ይነሳው ነበር፣ አባቴም ምን ነካው እያለ ይገረም ነበር። ምክንያቱን ያወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፣ ያኔም ጆሮዬን ሊቆነጥጥ እጁን ዘርግቶ ሳቁ አላስቆነጥጠው አለ።

አባቴ ዘጠነኛ ክፍል ላይ አያቴ ሲሞትበት ደብተሩን አስቀምጦ መርፌ ያነሳ ሰው ነው። መምህር መሆን ነበር ምኞቱ፤ ታሪክና ጂኦግራፊ ማስተማር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ካለፈ መምህራን ማሰልጠኛ መግባት ይችል ነበር፣ ነገር ግን ለመግባት የዕድሜ ገደብ ነበረበትና የቀረው ሦስት ዓመት ብቻ ነበር። ሦስት ዓመት ተምሮ፣ አንዴ ተፈትኖ፣ አለፈ አለፈ፤ ወደቀ ወደቀ። ይህን እናቴም ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ መኪናውም ሳያውቀው አልቀረም፣ ከዚያ ጥቅል በኋላ ፔዳሉ ሩጫ ጨመረ።

ችግሩ የማንበቢያ ጊዜ ነበር። ክረምት የተማሪ ዩኒፎርም ወቅት ነው፤ ከዚያ የበዓል ልብስ ይመጣል፣ ከዚያ የሠርግ፣ በመሃል ደግሞ የቀበሌና የማኅበር ካኪ አያልቅም። አንድ ቀን አባቴ እጅጌ እያያያዘ ቀና አለና «ዓይኔ የደንበኛ ነው፤ ጆሮዬ ግን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ነይ እስቲ ይሄን አንብቢልኝ» አለኝ። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ነበር። እኔ ከእንግሊዝኛ የማውቀው ፊደሉንና ድመትና ውሻን ነው። «አልችልም» ስለው «ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጥሪልኝ፣ አንዱንም እንዳትበዪብኝ፤ ቀሪውን ለእኔ ተዪው» አለኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ የአባቴ ሬዲዮ ሆንኩ። ስሜን ሁሉ ረስቶ «ሬዲዮዬ፣ ተከፈች» ይለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሞጁሉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ የተጻፈውን ሁሉ አንድም ፊደል ሳልምር እጠራ ነበር። ደሴቱን ኢስላንድ፣ እውቀትን ክኖውሌድጌ፣ ተራራውን ሞኡንታይን እያልኩ! አባቴ ከልጅነቱ የተረፈውን እንግሊዝኛ አቧራውን እያራገፈ ያዳምጥ ነበር፤ ያልገባው ቃል ሲመጣ መኪናውን ያቆምና ያረጀውን መዝገበ ቃላት ያስገልጠኛል፣ እኔ ፍቺውን በጣቴ አሳየዋለሁ፣ እሱ ቶሎ አየት አድርጎ «አሃ!» ይልና ፔዳሉን ይቀጥላል። መልመጃውንም እሱ በአፉ ይመልሳል፣ እኔ ከሞጁሉ ላይ ፊደሉን እያየሁ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጽፌ በፖስታ እንልካለን። በቀይ እስክሪፕቶ «በጣም ጥሩ» ተብሎ ሲመለስ ሁለታችንም አንድ ክንድ እንረዝም ነበር።

እኔ ያነበብኩትን የማውቀው እሱ በአማርኛ መልሶ ሲነግረኝ ነበር፤ ጉድ ያየሁትም ያኔ ነው። እኔ የማላውቀውን ኮልታፋ ቃል በአንድ ጆሮው ያስገባል፣ ከአፉ ሲወጣ ግን ንጉሥ ሆኖ፣ ጦር ሆኖ፣ በረዶ የለበሰ አገር ሆኖ ይወጣል። እኔ ቁልፍ መቁጠር እንኳን የሚሰለቸኝ ልጅ፣ ቁምጣና ሰፋፊ የካኪ ሱሪዎች በተሰቀሉባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ የዓለም ስፋት እንዲህ ነው ወይ እያልኩ አፌን ከፍቼ እቀር ነበር። ልብስ ለመለካት የሚመጡ ሰዎችም ወንበር ስበው ይቀመጡ ጀመር። አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ኮቱን ሊወስድ መጥቶ ገበሩን ሲገልጥ በሳሙና የተሳለች አፍሪካ አገኘ፤ አባቴ ጨርቅ በሚያሰምርበት የሳሙና ስባሪ እየሳለ ሲያጠና ረስቶት ኖሯል። «ጋሽ ወልዴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ሲለው አባቴ ፊቱን ሳይለውጥ «የአፍሪካ አንድነት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለው። ሰውዬው ትንሽ አሰበና ኮቱን ለብሶ ሄደ።

በሁለተኛው ዓመት በጋ ላይ የሆነውን ግን እስክሞት አልረሳውም። አባቴ የዓለምን ካርታ ከሞጁሉ ላይ ገልብጦ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ቆርጦ፣ ጠረጴዛው ላይ ይደረድር ነበር፤ አፍሪካ ከካኪ፣ ደቡብ አሜሪካ ከሰማያዊ ቴትሮን። ድንገት እጁ ቆመ። ሰማያዊዋን ገፋ አድርጎ ከካኪዋ ጋር አስጠጋትና አጎንብሶ አያት፤ ከዚያም ጠርቶኝ «ይሄን ጉድ እዪ! ይሄ እጅጌ ነው፣ ይሄ ብብት ነው» አለኝ። እውነትም የአንዷ ጉብታ የሌላዋ ጎድጓዳ ውስጥ ልክክ ብሎ ገብቷል። «እኔ ሰፊ ነኝ፤ ልክ አይቼ አልሳሳትም። እነዚህ ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ ናቸው» አለ። እናቴ «መሬትን ደግሞ ማን በመቀስ ቆረጣት?» ብላ አሾፈችበት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አዲስ ጥቅል መጣ። እንደ ልማዴ ፊደሌን እየጠራሁ አንድ ገጽ ሳጋምስ የመኪናው ድምፅ ቆመ። ቀና ስል አባቴ ከንፈሩ መሃል የያዛቸውን እስፒሎች አንድ በአንድ እያወጣ ነው። «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። «ድገሚው።» ሦስተኛ ስደግመው ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አህጉሮቹ ድሮ አንድ እንደነበሩ፣ ተሰንጥቀው እንደተራራቁ ነበር የሚለው። «ማንም ሳይነግረኝ!» አለ፣ «ማንም ሳይነግረኝ እኮ ነው ያወቅሁት!» አባቴን ያን ቀን ፈራሁት። ጣቱ በመርፌ የተበሳሳ፣ ጉልበቱ ላይ ክር የተንጠለጠለበት ሰው ከማላውቀው ትልቅ ነገር ጋር ሲነጋገር ያየሁት ነው የመሰለኝ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ሁላችንንም አሞራ ገደል ይዞን ወረደ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ያራግፋሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ይሻማሉ፣ አባቴ ግን ጀርባውን ለገበያው ሰጥቶ ሐይቁን ያሳየናል። «የቆምንበት ምድር የተተረተረ ስፌት ነው» አለን። «ከቀይ ባሕር ጀምሮ ቁልቁል እስከ ሞዛምቢክ ድረስ ተተርትሯል፤ ገና እየተተረተረም ነው። ይሄ ሐይቅ ክሩ የላላበት ቦታ ላይ የተጠራቀመ ውሃ ነው።» እናቴ ቅርጫቷን አስቀምጣ ውሃውን አየች፣ እሱን አየች። «ታዲያ አንተ ሰፊ አይደለህ? ስፋዋ!» አለችው። ሳቅን። ወደ ቤት ስንመለስ ግን እናቴ እግሯን ቀስ እያደረገች ነበር የምትራመደው፤ ስፌቱ ከእግሯ ሥር እንዳይተረተር የምትሳሳ ይመስል።

በሦስተኛው ዓመት በልግ ላይ፣ ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው፣ የተልእኮ ተማሪዎች አንድ ትምህርት ቤት ተሰብስበው ከመምህር ጋር እንዲከልሱ ተጠሩ። አባቴ የራሱን ኮት ተኩሶ ለብሶ፣ ፂሙን ተላጭቶ ሄደ። እንዲህ ሆኖ ሲሄድ ሙሽራ ይመስል ነበር። ሲመለስ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎት ነው የመጣው፤ ገብቶ መኪናው ላይ ተቀመጠ፣ ክር አስገባ፣ «ሬዲዮዬ» አላለኝም። በማግሥቱም አላለኝም። የሆነውን የሰማሁት ለእናቴ ሲነግራት በመጋረጃው በኩል ነው።

መምህሩ ስለ አውሮፓ ወንዞች ሲጠይቅ አባቴ እጁን አውጥቶ፣ ለንደን ያለችው ታሜስ ዳር ነው፣ ርሂኔም በጀርመን ያልፋል ብሎ መለሰ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ጨዋ ነው፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ጋሼ፣ ይሄን ማን አስተማረዎት?» ሲለው አባቴ «ራሴ ነኝ» አለ። ኋላ ለብቻው ጠርቶ «ቴምዝ ነው የሚባለው፣ ራይን ነው። ቃላቱን እንዲህ ከያዟቸው ፈተናው ላይ ግራ ይጋባሉ፤ ለከርሞ ቢያስተላልፉት ይሻላል» ብሎ መከረው። ለአባቴ ደግሞ ከርሞ የሚባል ነገር አልነበረም።

እኔ ነኝ! አልኩ በልቤ። ሦስት ዓመት ሙሉ የአባቴን ጆሮ በቆሻሻ የሞላሁት እኔ ነኝ። ሰባተኛ ክፍል ደርሼ ስለነበር አንዳንዱን ቃል ከክፍል መምህሬ ሰምቼ አርሜዋለሁ፣ የወንዝና የከተማውን፣ የነገሥታቱን ስም ግን ማን ያርምልኝ? እህል አልወርድ አለኝ። በሦስተኛው ቀን መቻል አቅቶኝ ጨርቁ ላይ ተደፍቼ ማልቀስ ጀመርኩ፤ አባቴ ደነገጠና መኪናውን አቆመ።

«ምን ሆንሽ?»

«አጠፋሁህ፣ አባባ! ሁሉንም በስህተት ነው ያነበብኩልህ!»

 ከዚያ አጠገቡ አስቀመጠኝና «ታሜስን እስቲ በፊደል ንገሪኝ» አለኝ። እያነባሁ «ቲ፣ ኤች፣ ኤ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ» አልኩት። ጠረጴዛው ላይ በሳሙና ጻፈውና አየው። «ታዲያ አንቺ ምን አጠፋሽ?» አለኝ። «ያለውን ነው ያነበብሽው። ፊደል የሚበሉት እነሱ ናቸው! ፈተናው ደግሞ በወረቀት ነው እንጂ በአፍ አይደለም። ተከፈች በይ፣ የት ደርሰን ነበር?»

ይህን ሲል አምኖበት ይሁን እኔን ሊያባብለኝ አላውቅም፣ እስከ ፈተናው ድረስ እንቅልፍ ሲያጣ አይቼዋለሁና። ሰኔ ገባ። እናቴ «ካርታ ይዞ ገባ ብለው እንዳያወጡህ» ብላ የሱሪውን ኪስ ሳይቀር ገልብጣ አጠበችለት፤ የመጀመሪያው ቀን ማለዳም ዓሣ ልትገዛ ሳትወርድ እስከ ፈተናው በር ድረስ ሸኝታው በዝናብ ውስጥ ቆማ ቀረች። እኔ ሱቅ ውስጥ የቆመችውን መኪና እያየሁ ቀኑ አልመሽ አለኝ።

ጂኦግራፊ የተፈተነ ቀን ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን ገልጦ ገባና እየሳቀ አገጬን ያዘኝ። «ወረቀቱን ሲሰጡኝ ዓይኔ ጨለመብኝ» አለኝ። «አንድም ቃል አላውቅም፤ በዓይኔ አላውቃቸውማ! ልወጣ ብድግ ልል ስል አንዱን ቃል እንዳንቺ ፊደል በፊደል ጠራሁት። ታ፣ ሜ፣ ስ። ወይ ታሜስ! አንተ ነህ እንዴ? አልኩት። ከዚያ ሁሉም እየተነሱ ሰላም አሉኝ፤ ኢስላንዱ፣ ርሂኔው፣ ሞኡንታይኑ። ቴምዝ ብለሽ አሳምረሽ አንብበሽልኝ ቢሆን ኖሮ፣ ቴምዝ የሚባል እኮ እዚያ ወረቀት ላይ የለም!»

ውጤቱ የመጣው አደይ አበባ ሲፈነዳ ነው። አባቴ ፖስታውን ከፍቶ ማየት ፈራና ሰጠኝ፤ «ሬዲዮዬ፣ ዜናውን አንብቢ።» ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጂኦግራፊ፣ ኤ። ታሪክ፣ ኤ። ሒሳብ፣ ሲ። እንግሊዝኛ፣ ዲ። አባቴ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «ዲው የሁለታችን ነው!» አለ። እናቴ «አለፈ ወይስ ወደቀ? በሰው ቋንቋ ንገሩኝ!» ብላ ጮኸች። «አለፈ!» ስላት በአማርኛም በሲዳምኛም አልተናገረችም፤ እልልታዋን ለቀቀችው፣ የቀበሌው ዘበኛም ቆቡን ይዞ እየሮጠ መጣ።

አባቴ መምህር ሆነ። ዓመቱን ሙሉ ያስተምራል፣ ክረምት ክረምት ይሰፋል፤ ተማሪዎቹን ሲያስተምርም ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተቆረጡ አህጉሮች በኮቱ ኪስ ይዞ ነበር የሚገባው። ዛሬም በዚህ ከተማ መንገድ ላይ ሽበት ያወጡ ሰዎች አስቁመውኝ «የጋሽ ወልዴ ልጅ አይደለሽ? ሲጠሩት ቴምዝ፣ ሲጽፉት ታሜስ!» ብለውኝ ያልፋሉ።

ያን ዝናባማ ቀን ቤት ስደርስ አባቴ እንደ ወትሮው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔ ጋ ነው የሚኖረው፤ ዓይኖቹ ደክመዋል፣ ፊደል አይለዩለትም። ልጄ አዘነችለትና ስልኳ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብ ነገር ከፈተችለት፤ እኛ በሦስት ዓመት ፖስታ የሰበሰብነውን ያህል እውቀት ያ ትንሽ ዕቃ በአንድ ደቂቃ ያመጣዋል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው፣ አንድ ቃል አይሳሳትም። ለንደን ስለምትባል ከተማ ነበር የሚያነበው። አባቴ ትንሽ ካዳመጠ በኋላ እጁን አነሳ።

«ዝም አሰኙልኝ ይሄን ሰውዬ፤ ፊደል ይበላል። ሬዲዮዬ መጣሽ? ነይ፣ አንቺ ተከፈች።»

እርጥብ ነጠላዬን እንኳን ሳላወልቅ አጠገቡ ተቀመጥኩና ስልኩን ተቀብዬ አነበብኩለት፤ አንድም ፊደል ሳልበላ።